እሜቴና የሰባት ዲግሪው ክርክር

ሰኞ፣ 41 ቀን ሲቀረው

እሜቴ ዛሬ በአራት እግሯ ቆመች። ስምንት ወር ሙሉ እንጨት ላይ ተሰቅላ ስታየኝ ከርማለች። ለማያውቃት የሠላሳ ዓመት አሮጌ መኪና ናት። ሞተሯ የራሷ አይደለም፤ ከትልቅ መኪና አውጥቼ ነው የገጠምኩላት። ሞላዋን አሳጥሬዋለሁ፣ የኋላ ወንበሯን አውጥቻለሁ። አዲሱ ሞተር ቦታ ስላጣበበ መሪውን የሚያቀልለውን የዘይት ፓምፕም ጥዬዋለሁ። ጉልበቷ እንደ ድሮው ወደ ኋላ ጎማዎቿ ነው የሚሄደው፤ የፊቶቹ ሥራ መታጠፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የዘንድሮ ጭንቀቴ ሁሉ የፊት ጎማዎቿ አቋቋም ነው።

ደብተሩን የገዛሁት ልኬቷን ልጽፍበት ነበር። ባለቤቴ ገና የመጀመሪያውን ገጽ ሳልጨርስ በትከሻዬ በኩል አጮልቃ "ይሄ ልኬት ነው ደብዳቤ?" አለችኝ። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሷ ደብተር ላይ ቁጥርና የደንበኛ ስም እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ውድድሩ ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። አራት ኪሎ ሜትር፣ አሥራ ሰባት መታጠፊያ፤ መኪኖቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ ሰዓት ይያዝላቸዋል። ዘጠኝ ዓመት ነድቻለሁ። አምና ለልጄ "ለሚመጣው ዓመት አንቺ ነሽ የምትነጂው" ብያት ነበር። ካቻምናም ብያት ነበር መሰለኝ። የነጂው ስም የሚሞላበት ቅጽ ውድድሩ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ይዘጋል። ገና ብዙ ጊዜ አለ።

ረቡዕ፣ 39

የመጀመሪያው ልኬት። በሰፈሩ "ውሃ ልክ" ነው የሚሉኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ጎማ ሳቀና ኖሬያለሁ። የጋራዤ ወለል ከባለቤቴ ጠረጴዛ ይበልጥ ደልዳላ ነው (እሷ አትስማ)።

ካምበር፣ ማለትም ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ የሚያዘነብለው፣ ሁለት ዲግሪ ተኩል ሰጠኋት። ስትታጠፍ ስለምትጋደም ያኔ ሙሉ እግሯን ትረግጣለች። ቶውን፣ ማለትም የሁለቱ ጎማዎች የፊት ጠርዝ (አፍንጫቸው) የሚቀራረብበትን ወይም የሚራራቅበትን ልክ፣ በክር ለክቼ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ከፈትኩት፤ መታጠፊያ ላይ ቶሎ እንድትዞር። ካስተር ደግሞ ጎማው የሚዞርበት ምሶሶ እንደ ብስክሌት ሹካ ወደ ኋላ መጋደሙ ነው። ሲበዛ መሪው ይከብዳል፤ ግን ሲለቁት በራሱ ወደ መሃል ይመለሳል፣ ቀጥታ መንገድ ላይም አትዋልልም። ሰባት ዲግሪ።

ልኬት ሲወሰድ የነጂው ክብደት መኪናው ውስጥ መኖር አለበት፤ ሞላውን ስለሚጫነው። ነጂውም ለኪውም እኔ ስለሆንኩ ወንበሩ ላይ ሁለት ጆንያ አሸዋ አስቀምጣለሁ። ሰማንያ አራት ኪሎ፣ ልክ የኔን ያህል። ባለቤቴ ጆንያዎቹን አየችና "ካንተ የሚሻሉት ዝም ስለሚሉ ነው" አለች።

ልጄ ከሥራ መጣች። የመድኃኒት ማከፋፈያ መኪና ነው የምትነዳው። ቱታዋን አጥልቃ ካስተሩን ራሷ ደግማ አነበበች።

"ሰባት። በቃ አባዬ፣ እንዳትነካው።"

ዓይኗ የኔ ነው። ጮቤ ረገጥኩ።

ቅዳሜ፣ 36

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ዳገቱ ለልምምድ ይከፈታል። ሰዓት የያዘው የባለቤቴ ወንድም ነው። አፉ ስለማይዘጋ "ሬዲዮ" ነው የምንለው፤ ምሥጢር ከነገሩት እስከ ማታ ሰፈሩ ይሰማዋል።

የኔ የምንጊዜም ምርጥ ሦስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ነው። ዛሬ ሦስት ከሃያ። ለመጀመሪያ ቀን ምንም አይልም።

መሪው ከባድ ነው። እኔን አይደለም፤ መኪናዋን ነው የሚከብዳት። የፊት መጋጠሚያዎቿ አርጅተዋል፤ ሰባት ዲግሪ ያደክማቸዋል። ወደ አምስት ተኩል አወረድኩት።

ሌሊቱን በቀኝ ጎኔ መተኛት አቃተኝ። ትራሱ ነው።

ሰኞ፣ 34

ባለቤቴ፦ "ሸሚዝ ለመልበስ ይሄን ያህል ጊዜ?"

እኔ፦ "ጠቦኛል።"

ባለቤቴ፦ "እኔ የሰፋሁት ሸሚዝ አይጠብም!"

ተቀይማ መቀሷን አነሳች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ወደኔ ሳትዞር "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" አለች። ምን ለማለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ረቡዕ፣ 32

ከሥራ በኋላ ልጄ እሜቴን ወደ ቀለበት መንገዱ ወስዳ መለሰቻት። ወርዳ ኮፈኑ ላይ ተደገፈች።

"አባዬ፣ ትዋልላለች። ከታጠፍኩ በኋላ መሪው አይመለስም፤ በእጄ ነው ጎትቼ የማመጣው። ወደ ሰባት መልሰው።"

"መንገዱ ወደ ዳር ስለሚያዘቀዝቅ ነው።"

"የሁለቱም አቅጣጫ መንገድ?"

"አዎ።"

አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችኝ። እናቷም እንዲሁ ነው የምታየው። መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ ሊያዘቀዝቅ ይችላል። መሃሉ ከፍ ያለ ከሆነ ማለቴ ነው። ደግሞ ሁልጊዜ መሃሉ ከፍ ያለ ነው።

ቅዳሜ፣ 29

መዋለሏን በቶ ላስተካክለው ብዬ የተከፈተውን አፍንጫዋን መልሼ ሁለት ሚሊ ወደ ውስጥ ዘጋሁት። አልዋለለችም። መታጠፍም እንቢ አለች። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ልመና ሆነ። ሦስት ከሃያ ሁለት።

ሬዲዮ ሰዓቱን ሁለቴ አየና "ጋሼ፣ ይሄ ነገር የተበላሸ ይሆን እንዴ?" አለኝ። ሰዓቱ ነው ብሎ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። እኔም "ይሆናል" አልኩት። ሁለታችንም አላመንነውም።

ጎማው ነው ብያለሁ። አዲስ ጎማ ነው፣ ገና አልተሟሸም።

ቶ ዜሮ። ካስተር አራት ተኩል። መጋጠሚያዎቿ ያሳዝኑኛል።

ረቡዕ፣ 25

ሥራ በዛ። ሰባት ታክሲ፣ አንድ አምቡላንስ። ክሪክ ስገፋ ውዬ ማታ ብዕሩን በግራ እጄ ያዝኩ፤ ስለዚህ አጭር ነው። የእሜቴ ካስተር፦ አራት። መሪው ቅቤ ሆነ።

ቅዳሜ፣ 22

ቅቤ የሆነ መሪ ይዞ ዳገት መውጣት ጉድ ነው። መኪናዋ ወዴት እንደምትሄድ አትነግርህም። ሦስት ከሃያ አራት። በየሳምንቱ መኪና እያሻሻልኩ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰከንድ እያረጀሁ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ፤ የሰፈሩ ታክሲ ሁሉ በኔ እጅ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ እሜቴ ግን እንደ ሰካራም ትወላገዳለች።

ጋራዤንና የባለቤቴን የስፌት ክፍል የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። ከሰዓት እሜቴ ሥር ተኝቼ ሳለሁ ልጄና ሬዲዮ ከመጋረጃው ወዲያ ያወራሉ።

"ጎማ የሚሸጥልን ሰውዬ በውድድሩ መኪናውን አንቺ እንድትነጂለት ይፈልጋል" ይላታል። "አዲስ መኪና! እሺ በዪው እንጂ። ቅጹ እስኪዘጋ ነው የሚጠብቅሽ።"

"አባቴን ትቼ?"

"አባትሽ ስንት ዓመት ነው 'ለሚመጣው ዓመት' የሚልሽ?"

ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ካስተሩን የሚቀንሰው ለመኪናዋ ብሎ አይደለም አጎቴ። እሱ ነው የከበደው። ቢነግረኝ ምን ነበረበት?" አለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። እሜቴ ሥር ግን ከሚያስፈልገው በላይ ቆየሁ፤ ዘይት የሚያንጠባጥብ ቦታ ካለ ብዬ ነው።

ማክሰኞ፣ 19

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ለደም ግፊት ነው። እግረ መንገዴን ትከሻዬን አነሳሁ፤ በአፌ ማለቴ ነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። "ሁለቱንም እጆችዎን ወደ ላይ ያንሱ" አለችኝ።

"አነሳሁ።"

"ሁለቱንም።"

"ሁለቱንም ነው ያነሳሁት።"

"ግራው ደርሷል፤ ቀኙ ገና መንገድ ላይ ነው" አለች።

ሳቅን። ከዚያ ሳቋን አቆመችና መገጣጠሚያው እየደረቀ መሆኑን፣ እንቅስቃሴ በየቀኑ መሥራት እንዳለብኝ፣ ቢያንስ ስድስት ወር ከባድ ነገር መግፋትና መጎተት እንደሌለብኝ ነገረችኝ። "ሥራዎ ምንድን ነው?" ስትለኝ "ውሃ ልክ" አልኳት። የመኪና ነገር አይገባትም።

ለባለቤቴ ደም ግፊቴ ደህና መሆኑን ነገርኳት። እውነት ነው፤ ደህና ነው።

ቅዳሜ፣ 15

ዘጠነኛው መታጠፊያ ላይ ጠጠር ነበር። ይኸው ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ካስተር ሦስት ተኩል። ጥሩ ገብቼ ነበር፤ የኋላዋ ትንሽ ወደ ጎን ሾለከ፣ ይህ የኋላ ጎማ የሚነዳት መኪና ፀባይ ነው። መሪውን በተቃራኒ አዙሬ ለቀቅኩት። ድሮ ሲለቁት በራሱ ይመለስ ነበር። አልተመለሰም። በቀኝ እጄ ልጎትተው ስል እጄም አልመጣም። እሜቴ በእርጋታ ዞራ ሣሩ ውስጥ ወደ ኋላ ገብታ ቁጭ አለች። እሷም እኔም ምንም አልሆንን። ዳር ቁጭ ብሎ ኦቾሎኒ የሚበላ አንድ ሰውዬ ተነስቶ በመስኮቱ አዘገነኝ። ተቀበልኩት። ምን ላድርግ?

ልጄ ከአሥረኛው መታጠፊያ እየሮጠች ወረደች። መኪናዋን አላየችም፤ እጄን ነው ያየችው። ከዚያ መንገዱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች ሄዳ አየች። ጠጠሩን ፈልጋ ነው መሰለኝ። ተመልሳ ከቸርኬው ውስጥ ሣር መልቀም ጀመረች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሬዲዮ እንኳ ወሬውን ለማንም አላደረሰም። በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሰኞ፣ 13

አንዲት መምህርት ካፖርት ልትለካ ከባሏ ጋር መጣች። እኔ መጋረጃው አጠገብ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ባልየው "እጅጌው ይጠር፣ እኔ ረጅም አልወድም" ይላል።

ባለቤቴ ስፒል በጥርሷ እንደያዘች "እርስዎ ነዎት የሚለብሱት?" አለችው።

"እኔማ አይደለሁም።"

"እንግዲያው በሷ ክንድ ልለካ።"

ሰዎቹ ሲወጡ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ወደኔ ዞረች። "አንተስ?" አለችኝ። "ያን ጆንያ ለማን ነው የምታስቀምጠው?"

የቀዘቀዘውን ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት።  

"የሸሚዙ ነገርም አሁንም አልወጣልኝም" አለችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ወደ ስፌቷ ማለቴ ነው።

ረቡዕ፣ 11

ትከሻዬ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ስምንት ወር ሆኖታል፤ ሞተሩን ካነሳን ቀን ጀምሮ። መጀመሪያ ትራሱ ላይ አሳበብኩ፣ ቀጥሎ ሸሚዙ፣ ቀጥሎ መጋጠሚያዎቹ፣ መንገዱ፣ ጎማው፣ ጠጠሩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ደግሞ ሞኝም ወረቀትም ሆኜ መሪ ይዤ ቀረሁ። መነካት ያልነበረባት መኪና ነበረች። ሰባት ዲግሪ ትክክል ነበር። አንድ ደካማ ትከሻ እንዲመቸው ብዬ ዲግሪ በዲግሪ አበላሸኋት። ከዚህ ሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ልጄ ሁሉንም እያወቀች ሣር መልቀሟ ነው።

ዛሬ ማምሻውን ከሥራ ስትመጣ ጆንያዎቹን አውጥቼ ወለሉ ላይ ጥያቸው ነበር። (በግራ እጄ፣ አንድ በአንድ።)

"ምን ሆነ?" አለች።

"ኪሎሽ ስንት ነው?"

"የሴት ልጅ ኪሎ አይጠየቅም።"

"ለልኬት ነው።"

ጆንያዎቹን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ በሩን ከፍታ ገብታ ተቀመጠች። መሪውን ያዘች። ወንበሩን ወደፊት ሳበች፤ ዘጠኝ ዓመት ያልተነቃነቀ ወንበር ሲጢጥ አለ።

እንደገና ከሀ ጀመርን። ከፊት ጎማዎቿ ሥር በመሃላቸው ግሪስ የተቀባ ሁለት ሁለት ቆርቆሮ አስገባሁ፤ ጎማው ሳይታገል እንዲዞር። ክሩን ዘረጋሁ። እሷ መሪውን ሃያ ዲግሪ ወደ ግራ፣ ሃያ ዲግሪ ወደ ቀኝ ታዞራለች፣ እኔ አነባለሁ። ቡሎኑን ማጥበቅ ላይ ስደርስ እጄን አየችና "ልውረድ?" አለች። "ከወረድሽ ልኬቱ ይበላሻል" አልኳት። ሬዲዮን ጠራነው። አጠበቀ። አፉም እንደዚያው ቢጠብቅ!

"ሰባት?" አልኳት።

"ሰባት ተኩል።"

"ይከብድሻል።"

"ከንጋት ጀምሮ የምነዳው መኪና ከዚህ ይከብዳል። ለኔ አይከብድም አባዬ።"

ሰባት ተኩል። ካምበር ሁለት ተኩል። ካስተር ሲነካ ቶ አብሮ ስለሚናወጥ እሱን ለመጨረሻ አስቀርቼ አንድ ሚሊ ብቻ ወደ ውጭ ከፈትኩላት። የማይቸኩል እጅ ስላላት አንድ ይበቃታል።

"ትከሻዬን ያመኛል" አልኳት፣ ጎንበስ ብዬ ክር እየጠቀለልኩ።

"አውቃለሁ።"

"ሐኪሟ ስድስት ወር ብላለች።"

"እሱን አላወቅኩም።" መሪውን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ፣ "ጎማ ሻጩ መኪናውን እንድነዳለት ጠይቆኝ ነበር" አለች።

"አውቃለሁ።"

"አጎቴ ነገረህ!"

"ኧረ እኔ አይደለሁም!" አለ ሬዲዮ ከመኪናዋ ሥር።

"መጋረጃው ነው የነገረኝ" አልኳት። "ምን አልሽው?"

"አባቴ ልኬት አልጨረሰም አልኩት።"

የጠቀለልኩትን ክር ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩት። ጨርሻለሁ ልላት ስል ባለቤቴ ከመጋረጃው ወዲያ "ሸሚዙ አልጠበበም ማለት ነው?" ብላ ጮኸች። ያኔ ሁላችንም በሳቅ ፈነዳን።

ዓርብ፣ 9

ቅጹን ሞላሁ። "ነጂ" እና "መካኒክ" የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉት። ዘጠኝ ዓመት በሁለቱም ላይ የኔን ስም ነበር የምጽፈው። ዛሬ በላይኛው የሷን ጻፍኩ። ጸሐፊው አየና "ተሳስተው እንዳይሆን" አለኝ። "እስካሁን ነው የተሳሳትኩት" አልኩት። አልገባውም፤ ማኅተሙን መታበት።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ትንሽ ቆምኩ። የሆነ ነገር ረስቼ የመጣሁ ይመስለኝ ነበር። ኪሴን ሁሉ ዳበስኩ።

ቅዳሜ፣ 8

ሦስት ከአሥራ አምስት። ልጄ፣ ዳገቱ ላይ በመጀመሪያ ቀኗ! ትንሽ ቀናሁ። ትንሽ አይደለም። ማታ በሐኪሟ ትእዛዝ ጣቶቼን ግድግዳ ላይ እንደ ሸረሪት ወደ ላይ አስኬድኩ። ባለቤቴ በእርሳስ ምልክት አደረገችበት። በሜትሯ ለክታ።

ሐሙስ፣ 3

"እሜቴን እንዳትነኪያት" አልኳት ልጄን። "እንዳትነካት" አለችኝ። ሁለታችንም ሌላው ሳያይ ገብተን ለክተናል። ቁጥሩ ያው ነው።

እሑድ፣ ውድድሩ

እራት ሳልበላ ነው የምጽፈው።

ጠዋት የራስ ቁሯን እያጠለቀች "ምክር የለህም?" አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀምኩት ምክር ነበረኝ። ለአፍ ዳገት የለውም። አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። "መሪውን እመኚው" ብቻ አልኳት።

ሬዲዮ ሰዓት መያዣውን ለኔ ሰጥቶ መነሻው ላይ ቀረ፤ እየጮኸ ሲያበረታታት ቁልፉን መጫን ይረሳል። እኔ ዘጠነኛው መታጠፊያ ድረስ በእግሬ ወጣሁ። የመነሻውም የመድረሻውም ባንዲራ ሲወድቅ ከዚያ ይታያል፤ የዳኞቹ ሰዓት የሚለጠፈው ነገ ነው። ባለቤቴም አብራኝ ወጣች፤ ዳገት አልወድም እያለች፣ ከኔ ቀድማ።

መጀመሪያ ድምጿ መጣ። እሜቴ ዳገት ስትወጣ ሞተሯን መታጠፊያ ዳር ቆሜ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሁልጊዜ ውስጥ ነበርኩ። እንዲህ እንደምታምር ማን ነገረኝ?

ከዚያ ብቅ አለች። አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ገባ፣ የፊት ጎማዋ ተጋድሞ ሙሉ እግሩን ረገጠ። የኋላዋ ሾለከ። ያ ቦታ ነው። እኔ ያን ቅዳሜ የገባሁበት ሣር ሁለት እርምጃ ይርቃል።  ልጄ መሪውን በተቃራኒ አዞረችና ጣቶቿን ፈታ አደረገች። መሪው በመዳፎቿ መሃል በራሱ ተንሸራቶ ወደ መሃል ተመለሰ። እሜቴ ቀጥ አለች። ሄደች።

አጠገቤ የቆመ ሰውዬ "ያቺ የውሃ ልክ መኪና አይደለችም?" ብሎ ጠየቀኝ።

"የልጁ ናት" አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያልኩት። ባለቤቴ ክንዴን ያዘች፤ ግራውን።

ልጄ ተመልሳ ስትወርድ እኛ ጋ ደርሳ ቆመች። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል።

"ስንት ገባሁ?"

ሰዓት መያዣውን ፈለግኩት። ኪሴ ውስጥ ነበር። ከጅምሩም አላስነሳሁትም።

"አላየሁም" አልኳት።

"አባዬ! እንዴት አላየህም?"

"እጅሽን ነበር የማየው።"